በካርሊጋሽ ላይ የበተንኩት ከረሜላ

ዜና ሕይወታቸውን ከማንበቤ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ክብርት ካርሊጋሽ ከሰማይ በወረዱበት ቀን ከረሜላ የበተንኩባቸው እኔ ኡልዣን ነኝ፤ ተጠይቄም ዋሽቻለሁ።

ክብርት ካርሊጋሽ ክብደት በሌለበት ስፍራ ምርምር አካሂደው ወደ ምድር እንዲመለሱ የተሠሩ ሳተላይት ሲሆኑ፣ ከመሐንዲስ አባቶቻቸውና ፓራሹታቸውን ከሰፉት እናቶቻቸው በፋብሪካ ተወልደው፣ በየጸደዩ ወደ ጎጆዋ በምትመለሰው ትንሽ ወፍ ስም ተጠሩ። ለትምህርት በደረሱ ጊዜ ተንቀጥቅጠው፣ በሙቀትና በቅዝቃዜ ተፈትነው፣ አንድ ብሎን ሳይወልቅባቸው በማዕረግ ተመረቁ። ከሮኬቱ ጋር የነበራቸው ትዳር አጭር ነበር፤ ከደመናው በላይ አድርሷቸው ተለያዩ፣ ቂም ግን አልተያያዙም።

በሥራ ዘመናቸው የፖም ዘርና ክሪስታል የሚያድግባቸውን ብልቃጦች በሆዳቸው ይዘው ምድርን ሲዞሩ ቆይተው፣ በፓራሹት ተንጠልጥለው እዚሁ መንደራችን ሳሪ ኩዱክ፣ የአባቴ ፈረሶች በሚግጡበት ሜዳ አረፉ። አባቴም «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ከሩቅ የመጣ እንግዳ ባዶ እጅ ይቀበሉታል እንዴ?» ብለውኝ የደነበሩትን ፈረሶች ሊመልሱ ጋለቡ። እኔም ለሙሽራ እንደምናደርገው ከረሜላ አምጥቼ በክብርት ካርሊጋሽ አናት ላይ በተንኩ። ገላቸው ገና ትኩስ ነበርና ከረሜላው ቀልጦ በብልቃጦቹ ሣጥን ክፍተት ሰረገ።

ተመራማሪው የርመክ፣ ዛሬ በአክብሮት «አጋ»፣ ታላቅ ወንድም፣ የምንላቸው፣ በሄሊኮፕተር ደርሰው «እህቴ፣ የነካቸው ሰው አለ?» ቢሉኝ፣ ደንግጬ «ኧረ ማንም!» አልኩ። እሳቸውም በሣጥኑ ውስጥ የረጋ ቀይ ነገር አግኝተው በሰማይ የተወለደ አዲስ ክሪስታል መሆኑን በጉባኤ ፊት ካበሠሩ በኋላ፣ ሲመረመር የእንጆሪ ከረሜላ ሆነ። ባልደረቦቻቸው «ዶክተር ከረሜላ፣ ለሻይ የሚሆን ቀርቶዎታል?» እያሉ ሲስቁባቸው፣ ምርምሩን ትተው፣ የሰማዩን የፖም ዘር ይዘው ወደ መንደራችን በመምጣት የልጆቻችን መምህር ሆኑ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ክብርት ካርሊጋሽ ከሰማይ በወረዱ ዕለት በደረሰባቸው ስንጥቅ ዳግም መብረር ተስኗቸው፣ በጡረታ መጋዘን ውስጥ ሲማቅቁ ኖረው፣ ባትሪያቸው ጸጥ ካለ በኋላ በትምህርት ቤታችን ግቢ እንዲያርፉ መጥተዋል። ስለ ክብራቸውም ዛሬ ፈረስ ይጋለባል፣ ድግሱም ሞልቷል።

ጠዋት የርመክ አጋ የከረሜላውን ሳህን ሰጥተውኝ፣ «በትኚ እንጂ፣ ኡልዣን! አሁንማ ቀዝቅዘዋል፣ አይቀልጥባቸውም» ብለው ሳቁ። ለካ ሁሉን ሲያውቁ ኖረዋል።

ክብርት ካርሊጋሽ በስተኋላቸው ልጆቻቸውን፣ ማለትም ከሰማዩ ዘር በቅለው በግቢው ያፈሩትን የፖም ዛፎች፣ ከፋብሪካ ድረስ የመጡ እናቶቻቸውንና የርመክ አጋን ትተዋል። ፈጣሪ በሰማይ የለመዱትን ቅለት አይንሳቸው፤ አፈሩም አይክበዳቸው።

የርመክ አጋ፣ እናንተም የምትሰሙኝ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ።