በቀትር የሚጠፋው ኃይል

ቀትር ላይ ነው። ፀሐይዋ መንገዱን እንደ ነጭ ሐር ዘርግታዋለች። አዛውንቱ ልብስ ሰፊ ሁለት ሳንቃ በብብታቸው፣ እፍኝ ምስማር በኪሳቸው ይዘው በሕልም እንደሚሄድ ሰው ሲያዘግሙ፣ የእህታቸው ልጅ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ኤሌክትሪክ ተምራ በዚያው ሙያ የምትተዳደር ናት።

«አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ? ሳንቃው ለምንድን ነው?»

«በእኔና በአናጢው ግቢ መካከል ያለችውን በር ልደፍናት።»

ልጅቱ ክው አለች። በዚያች በር ሃያ ዓመት ሙሉ መቀስና መሰላል፣ ወሬና ሳቅ ሲመላለስ ታውቃለች።

«ምን አደረገዎት?»

«መብራቴን ይሰርቀኛል! ሶላሩን ጣሪያዬ ላይ ካስተከልኩ ወዲህ ያ ፍጆታ የሚያሳየው መሣሪያ በየቀትሩ ሺህ አምስት መቶ ዋት ይለኛል። የኔ ስፌት መኪና መቶ እንኳ አትበላም። በዚያው ሰዓት ደግሞ የእሱ መጋዝ እዝዝዝ ይላል። ለብልህ አይነግሩም!»

«መሣሪያው ቢሳሳትስ?»

«ሜትር ይዋሻል እንዴ? አርባ ዓመት በሜትር ለክቼ ያደርኩ ሰው ነኝ፣ አንቺ ልጅ!»

በአዛውንቱ አንፍረድ። እኛስ ብንሆን በመስታወት ውስጥ የሚበራ ቁጥር ካየን፣ ከጎረቤት ቃል ይልቅ እሱን አይደል የምናምነው?

«እንግዲያው እንፈትነው። ረጅም ጨርቅ አለዎት?»

«ልብስ ሰፊን ጨርቅ አለህ ወይ ይሉታል?»

«መሰላልስ?»

አዛውንቱ ሳንቃውን ከአንድ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። መሰላል ያለው አናጢው ነው።

ቤት እንደደረሱ ልጅቱ በትንሿ በር አልፋ ጠራችው። መጋዙን አጥፍቶ፣ ቅንድቡ ድረስ ሰጋቱራ ለብሶ መጣ። «ጋሼ፣ ምነው ሰሞኑን ጠፉብኝ?» አለ። ጋሼ መሬት መሬት አዩ።

ልጅቱ የአጎቷን ቤት ማብሪያ ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋች። ቁጥሩ ግን ከሺህ አምስት መቶ ንቅንቅ አላለም።

«መጋዙ ቆሟል፤ ቤቴም ጠፍቷል» አሉ አዛውንቱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፤ «ታዲያ ማን ነው የሚወስደው?»

«አሁን ሶላሩን ያልብሱት።»

አናጢው መሰላሉ ላይ ሆኖ አዛውንቱ ያወጡትን ረጅም ሰማያዊ ጨርቅ በአንድ ጫፉ ያዘ፤ አዛውንቱ ከታች ሌላውን። ነፋሱ ገብቶበት ሲነፋ፣ ከሰማይ ተቀድዶ የወረደ ቁራጭ መሰለ። ጨርቁ ሰሌዳዎቹ ላይ ቀስ ብሎ ሲያርፍ ቁጥሩም አብሮ ወረደ፤ ሺህ፣ ሦስት መቶ፣ አምስት።

«አዩ፣ አጎቴ? ኃይሉ የሚሄድ እንጂ የሚገባ አልነበረም። ከቤትዎ የተረፈው የፀሐይ ኃይል ወደ ሰፈሩ መስመር ይወጣል። በዋናው ገመድ ላይ የታሰረው የመሣሪያው መለኪያ ቀለበት ስንት እንዳለፈ ያውቃል፤ ወዴት እንዳለፈ ግን አያውቅም። በር ላይ ቆሞ ሰው የሚቆጥር፣ ገቢና ወጪ የማይለይ ዘበኛ ማለት ነው። ሶላር ሳይኖር ሁሉም ገቢ ስለነበር አይሳሳትም ነበር።»

«ስለዚህ ሌባው...»

«ሌባ የለም። እርስዎ ነበሩ የሚሰጡት።»

አናጢው ከመሰላሉ ወርዶ ሳንቃዎቹን አየ። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«አንተን ሌባ ብዬ በሩን ልደፍንበት ነበር» አሉ አዛውንቱ።

አናጢው አንዱን ሳንቃ አንስቶ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። «በዚህ? ነቀዝ የበላው እኮ ነው! በሬን የሚደፍንብኝ ሰው እንኳ ደህና ሳንቃ ከእኔ ይጠይቅ እንጂ፣ ጋሼ!»

ልጅቱ በሳምንቱ አቅጣጫ የሚለይ መሣሪያ አምጥታ፣ አንዱን ቀለበት በዋናው ገመድ፣ ሌላውን በሶላሩ ገመድ ላይ አሰረች። እሱም ቢሆን ጥቂት ይስታልና፣ አልፎ አልፎ ከዋናው ቆጣሪ ጋር እንዲያስተያዩት መከረቻቸው። አዛውንቱ አሁን የሚተኮሰውን ልብስ ሁሉ ለቀትር ያቆያሉ፤ በእንፋሎቱ መካከል የፀሐይዋን ቁጥር እያዩ ፈገግ ይላሉ። ምስማሮቹም ለቁም ነገር ዋሉ፤ የላላውን የትንሿን በር ማጠፊያ አጠበቁበት።

ቁጥሩ ግራ ባጋባቸው ቀን ደግሞ ሰው አይጠረጥሩም። በበሩ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «አንተ ሰው፣ ና እስቲ ጨርቁን ያዝልኝ!» ይላሉ።