ከደጅ የቀረው በረኛ

ክቡራን ካህናት አባቶቼ፣ ከጁገል ግንብ ውስጥም ከውጭም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ ደመናው ሳይወርድብን ጥቂት ጆሮ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ይህን የማነበው እኔ ወልደሚካኤል የሟቹ የአጎት ልጅ ነኝ። ከወር በፊት ቢሆን ኖሮ ግማሹን ዘልዬ ማንበብ ነበረብኝ፤ ዛሬ ግን ጊዜው ስለተለወጠና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅም አንድ ነገር እንዳይሸሸግ ስላዘዙኝ፣ ሁሉንም እንደሆነው አነባለሁ።

አቶ ኪዳነወልድ ተክለጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ተክለጻድቅ ዘውዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበወርቅ በላይነህ በ1912 ዓ.ም. እዚሁ ሐረር፣ ሐኪም ጋራ ሥር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግመው፣ ኋላም ከፈረንሳውያን መምህራን ቋንቋና ሒሳብ ተምረዋል። ዳዊት ሲደግሙ አንዲት ቃል ከሳቱ ማንም ሳያዛቸው ከመጀመሪያው ይጀምሩ ስለነበር፣ ለጨዋታ ከደጅ የምንጠብቃቸው እኛ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ተጎልተን እንቀር ነበር፤ ያ ጠባያቸው እስከ እርጅና አልለቀቃቸውም።

ከጠላት ወረራ በኋላ በቴሌግራፍ ቤት ተቀጥረው፣ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በታማኝነት አገልግለዋል። መርዶ የሚልክ ሰው ሐዘኑን ለማለዘብ ብሎ፣ «ሞተ የሚለውን ታመመ በሉልኝ» ብሎ ቢለምናቸው፣ ወረቀቱ ላይ ራሱ ካልለወጠው በቀር ቃሉ የላኪው እንጂ የእርሳቸው እንዳልሆነ ተናግረው እምቢ ይሉ ነበር። ድርቅናቸው ብዙ ሰው አስቀይሟል፤ ነገር ግን በእርሳቸው እጅ ያለፈ መልእክት ተዛብቶ ደረሰ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

በ1942 ዓ.ም. ወይዘሮ ሮማነወርቅን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ለተማርያምንና ፀሐይን ወለዱ። የወይዘሮ ሮማነወርቅ ታናሽ ወንድም አቶ ሽፈራውም አብረዋቸው ገብተው፣ በዚያው ቤት አድገው፣ ኤረር በር አጠገብ ሱቅ ከፍተው ልብስ ሰፊ ሆኑ። እህታቸው አጥብቀው ቢለምኗቸውም ሳያገቡ ቆዩ፤ ሣቃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ለማንም ክፉ የማያስቡ ሰው ነበሩ።

አሁን ብዙዎቻችሁ በሹክሹክታ ወደምታወሩት ጉዳይ እገባለሁ። አቶ ኪዳነወልድ የፍሪሜሶን ማኅበር አባል ነበሩ። በከተማችን ግሪኮችና አርመኖች ከጥቂት የአገር ሰዎች ጋር ያቋቋሙት፣ ሎጅ የሚሉት የማኅበር ቤት ነበር፤ ሰው ሰይጣን ይጠሩበታል ይል ነበር፤ እኔም በበኩሌ በር ዘግቶ የሚጸለይ ጸሎት አይዋጥልኝም። እርሳቸው ግን የወንድማማችነት ቤት ነው ይሉ ነበር። ሥርዓቱ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ስለሆነ በፈረንሳይኛ በቃላቸው ይዘው፣ ወደ አማርኛ መልሰው፣ አቶ ሽፈራውንና የጁገሉን ነጋዴ አቶ ሙሜ ከድርን አስተምረው አስገቡ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ የማኅበሩም ቤት አብሮ ተወረሰ፤ የውጭዎቹም አገር ለቀው ሲወጡ ሽማግሌው አርመን ሙሴ ቫርታን የማኅበሩን መዶሻና ጎራዴ ለአቶ ኪዳነወልድ አስረክበው፣ የተቀበሉትን እንደተቀበሉት ያቆዩ ዘንድ አስማሏቸው።

ሦስቱ ቀሪዎች በአቶ ኪዳነወልድ ጓሮ ባለች ክፍል መሰብሰብ ጀመሩ። አቶ ኪዳነወልድ ለውጥ የማያውቁ ሰው ነበሩ ብል እዋሻለሁ፤ ሰው በማያምንበት መጽሐፍ ቢምል መሐላው ምን ዋጋ አለው ብለው ከወንጌሉ ጎን ቁርኣን አስቀምጠዋል፤ አቶ ሙሜ ስለማይጠጡም በወይን ጠጁ ፈንታ የቡና ቅጠል ፈልቶ ቁጢ እንዲቀርብ አድርገዋል። አንድ ነገር ግን በፍጹም አልለውጥም አሉ፤ ይኸውም በረኛ ጎራዴ ይዞ ከተዘጋው በር ውጭ የሚቆምበትን ልማድ ነው። አቶ ሙሜ፣ «ወላሂ ኪዳኔ፣ ይህ ጊዜ ጎራዴ ይዞ ደጅ የሚቆምበት አይደለም፤ ሽፈራው ወደ ውስጥ ይግባ» ብለው ደጋግመው ለመኗቸው። በረኛው ከገባማ ሎጅ መሆኑ ቀርቶ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሽማግሌዎች ሆንን ማለት ነው ብለው አቶ ኪዳነወልድ መለሱ። አቶ ሽፈራውም ሥቀው ወጥተው ቆሙ።

በየካቲት ወር 1970 ዓ.ም.፣ በዚያ ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት ዘመን፣ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ እንደ ልማዳቸው ተሰበሰቡ። በሥርዓታቸው እንግዳ ሲመጣ የውጭው በረኛ ያንኳኳል፤ ከውስጥ ያለው ግን ወዲያው አይከፍትም፤ ዞሮ በሩ መመታቱን ለሊቀ መንበሩ ያስታውቃል፣ ሊቀ መንበሩ ማን እንደሆነ ይጣራ ብሎ ያዛል፣ እርሱም ከውስጥ መልሶ ያንኳኳል፤ በሩ የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ዕለት የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ባለ ጎራዴውን በአጥሩ ቀዳዳ አይተው ሲገቡ፣ አቶ ሽፈራው አንኳኩ። አቶ ሙሜ ዞረው እንደ ወጉ በለሆሳስ አስታወቁ፤ ሊቀ መንበሩ አቶ ኪዳነወልድም ቃሉን አንድም ሳያጎድሉ በዝግታ መለሱ፤ አቶ ሙሜ መልሰው አንኳኩ። በሩ ሲከፈት በደጁ ላይ ሰው አልነበረም።

የሆነውን በአጥሩ ማዶ ሆነው ያዩት ጎረቤታችን ወይዘሮ በለጡ ናቸው። አቶ ሽፈራው ሰዎቹ ሳይደርሱባቸው የማኅበሩ አባል ሁሉ በስብሰባ የሚታጠቀውን ነጩን የቆዳ ሽርጣቸውን ፈትተው ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ጣሉት። ሲጠየቁም ጎራዴው የአባታቸው መሆኑን፣ ለቀበሌ ሊያስረክቡት ሲሄዱ ለአማቻቸው ሊነግሩ ጎራ ማለታቸውን፣ አንኳኩተውም መልስ ማጣታቸውን፣ ቤቱ ውስጥ ሰው አለመኖሩን ተናገሩ። ጠባቂዎቹም ጥቂት አዳምጠው፣ ድምፅ ሲያጡ አምነው ይዘዋቸው ሄዱ። በማግስቱ አቶ ኪዳነወልድ ማንም ሳይጠራቸው ቀበሌ ቀርበው፣ ጎራዴው የእኔ ነው፣ እርሱን ልቀቁ አሉ፤ አልለቀቁም፤ እርሳቸውንም አሰሯቸው። ክረምቱ ሲወጣ ውስጥ እግራቸው ተገርፎ እያነከሱ ተመለሱ። አቶ ሽፈራው አልተመለሱም፤ ሬሳቸውም አልተሰጠንም፤ እርም ያወጣነው በባዶ ሜዳ ነው።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ባለቤታቸው እንደገቡ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሜ ሲያንኳኳ ለምን አልከፈታችሁም አሉ። አቶ ኪዳነወልድም በሕይወታቸው መልእክት አዛብተው አያውቁምና፣ ሥርዓቱን እየፈጸምን ነበር ብለው እውነቱን ተናገሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ምግባቸውን አቀረቡላቸው፣ ልብሳቸውን አጠቡላቸው፣ በአንድ ገበታ ግን አልተቀመጡም። ዝምታው ነው ያዳናቸው፣ መልሱ ቢፈጥን ኖሮ ሦስቱም ይሄዱ ነበር ብለን ለማስታረቅ ብንሞክር፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ እሱንማ ሽፈራውን ጠይቁት ብለውን ወጡ። እኔም በሽምግልና ገብቼ ተባርሬ ወጥቻለሁ።

ለዓመታት ተዘግታ የቆየችው ክፍል በ1976 ዓ.ም. ዳግም ስትከፈት፣ አቶ ኪዳነወልድ በሩ ከእንግዲህ እንዳይዘጋ፣ የበረኛውም ወንበር ከደፉ በውስጥ በኩል ባዶውን እንዲቀመጥ፣ የሚያንኳኳም ካለ ወዲያው እንዲመለስለት ወሰኑ። አቶ ሙሜ፣ አገር የለቀቁት ማኅበርተኞቻችን ቢሰሙ ይህ ሎጅ አይደለም ይሉናል ቢሏቸው፣ «አይሁን» አሉ። ከዚያም በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች በተከፈተ በር ሲቀመጡ፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጀርባቸውን ሰጥተው በጓሮው እህል ይለቅሙ ነበር።

አቶ ኪዳነወልድ ከእስር ጀምሮ ያሠቃያቸው የኩላሊት ሕመም ዘንድሮ ጠንቶባቸው፣ በሐኪምም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ሰኔ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። በማኅበሩ ልማድ አባል የሚቀበረው ከገዛ ሽርጡ ጋር ነው፤ እርሳቸው ግን የእኔ ይቅር፣ የሽፈራው ሽርጥ ከእኔ ጋር ይግባ፣ መቃብሩ ለእርሱም ይሁነው ብለው ተናዘዙ። ያንን ሽርጥ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከበርሜሉ ጀርባ አንሥተው እስከ ዛሬ በሣጥናቸው አኑረውታል። ኑዛዜው ከተነገራቸው በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት ካህናቱን አስፈቅደው በገዛ እጃቸው በባለቤታቸው ደረት ላይ አልብሰውታል።

አቶ ኪዳነወልድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሮማነወርቅን፣ ልጆቻቸውን ለተማርያምንና ፀሐይን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህን የማነበውን እኔንና የማኅበራቸው የመጨረሻ ሰው የሆኑትን አቶ ሙሜ ከድርን በሐዘን ትተው ሄደዋል። የሰውን ድካም የሚያውቅ አምላክ የኪዳነወልድን ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን፤ የት እንደወደቁ የማናውቃቸውን የሽፈራውንም ነፍስ እርሱ ያውቃታልና አብሮ ይማርልን።

አፈር ሳይለብሱ አንድ ነገር ይቀራል፤ ካህናቱ ስለፈቀዱ አትደንግጡ። በእነርሱ ወግ ቀሪው ወንድም የሬሳ ሣጥኑን እንደ በረኛ ያንኳኳል፤ መልስ የሚሰጥ ግን የለም። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ይህ ልማድ ዛሬ ይለወጥ፣ መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ ብለዋል። እንግዲህ አቶ ሙሜ ቀርበው ያንኳኩ፤ ሮማነወርቅ፣ እርስዎም አይቆዩ።