ፈቲያ «አቃጠለኝ» ስትል

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሰበታ ሰዎች፣ ከቡራዩም ከሱሉልታም የመጣችሁ ወዳጆች፣ እግዜር ያጽናችሁ። እናንተም ከበላይ ፍርድ ቤት የመጣችሁት ሦስት ዳኞች፣ የአበባ ጉንጉን ይዛችሁ ዳር የቆማችሁት፣ ቅረቡ እንጂ። ጭቃው አይበላችሁም።

እኔ እሸቴ ነኝ። ዛሬ ለምንቀብራቸው ለዳኛ ስምዖን በችሎት አሥራ አንድ ዓመት አስተርጉሜያለሁ። ስህተቱም የእኔ ነው።

አምና መስከረም እዚሁ ሰበታ በተነሣው ረብሻ አንድ ፋብሪካ ሲነድ፣ ከጎኑ ያለው የፈቲያ ሱቅም ነደደ። ጎረቤቷ ኢተፋ ተከሰሰ። ፈቲያ ምስክር ሆና ቆመች፤ «ያን ቀን ይሄ ልጅ አቃጠለኝ» አለች፣ በአማርኛ። እኔ ለመዝገቡ በኦሮምኛ «ሱቄን አቃጠለብኝ» ብዬ ገለበጥኩት። ሰበታ ተወልጄ፣ አቃጠለኝ ማለት አናደደኝ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? በዚያ ሰሞን ጆሮዬ የሚሰማው እሳት ብቻ ነበር።

ኢተፋ ጥፋተኛ ተባለ። የቅጣቱ ዕለት ፈቲያ ስንቅ ይዛ መጣች። ለማን? ለኢተፋ! ዳኛ ስምዖን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሱቅሽን ላቃጠለ ሰው ነው ወይ ምግብ የምታመላልሺው ብለው ጠየቋት።

«ኧረ የሱቁን እሳትማ ሊያጠፋልኝ ሲል ነው እጁ የተላጠው! እኔን በነገር ነው ያቃጠለኝ፤ ቶሎ ዝጊ እያለ ሲጨቀጭቀኝ።»

ዳኛ ስምዖን መዝገቡን መልሰው ገለጡ። ከዚያ፣ «እኔም ሰምቼ አሳልፌዋለሁ፤ ክሱ እንደ አዲስ ይሰማ» ብለው አዘዙ። ዳኛ በአደባባይ ተሳስቻለሁ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ይግባኙን ያዩት እነዚህ ሦስቱ ዳኞች ግን ፈቲያን አይተዋታል? አላዩዋትም። የኢተፋን እጅ አይተዋል? አላዩም። ታዲያ ያየውን ዳኛ አመኑ? ወይ ማመን! በግማሽ ገጽ ትእዛዙን ሻሩት። «መዝገቡ ግልጽ ነው» አሉ። ግልጽ ያሉት የእኔን ስህተት ነው። ኢተፋ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። እናቱ ወይዘሮ ተረፈች ይኸው እዚህ ቆማለች፤ ቀና ብላችሁ እዩዋት።

ባለፈው ሳምንት ዳኛ ስምዖን አልጋቸው አጠገብ ጠሩኝ። «እሸቴ፣ ቃሏን አንተ አጣመምክ፣ እኔ ፈረምኩበት። እኔ አልደርስም፤ አንተ አቅናው» አሉኝ። ስህተቴን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ማክሰኞ ለሰበር ችሎት ይገባል። ሥራዬን ባጣ ልጣ።

ክቡራን ዳኞች፣ ሦስታችሁም አቃጥላችሁኛል። ይህንንም ከቃጠሎ መዝገብ ክተቱት።

ደህና ይሁኑ፣ ኦቦ ስምዖን። ትእዛዝዎን ይዤ እሄዳለሁ። ነጋቲ፣ በሰላም።