መጻፍ አቅቶት ዝም ያለው ፕሮግራም

የደም ውጤቴን ልወስድ ሆስፒታል ሄጄ የላብራቶሪውን ኮምፒውተሮችና ፕሮግራሞች የሚያስተዳድሩት ሽማግሌ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። ልጅቷ የተማረች ፕሮግራመር ናት። ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ጥቁር የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። ባሏ ከትናንት ወዲያ ሞቷል። ከክርክራቸው እንደሰማሁት የላብራቶሪ ውጤቱ አደገኛ ነበር፤ ዲስኩ ሞልቶ ፋይሉ ላይ ሳይጻፍ ቀረ፤ ፕሮግራሙም ምንም እንዳልተፈጠረ አለፈ። ሐኪሙ ምንም ስላልደረሰው ደህና ነው ብሎ ተወው። ለሴትየዋ ይህን የነገራት የለም።

«ጋሼ፣ ቢቆጡም እናገራለሁ» አለች ልጅቷ። «ፋይል የምንከፍትበትና የምንጽፍበት ዝግጁ ኮድ፣ መያዣው፣ መጻፍ ሲያቅተው ምልክት ይሰጣል፤ የሚያየው የለም እንጂ። የእሱን ችሎታ የሚወርስ የራሳችንን ክላስ፣ አዲስ የመያዣ ዓይነት፣ እንሥራ። መክፈቱንና ማንበቡን እንዳለ ይውረስ። መጻፉንና መዝጋቱን ብቻ እንለውጥ፤ ካልተሳካለት ሥራውን አቁሞ ይናገር።»

«የፕሮግራሙን ቋንቋ የሠሩት ሰዎች ሞኞች ናቸው እንዴ? የሰጡንን ምን አስነካን? እኔ በየፕሮግራሙ መጻፉን የሚያይ ማረጋገጫ አስገብቻለሁ፤ ትናንት ዓይኔ እስኪጠፋ ስሠራ ነው የዋልኩት።»

«ሞኞችማ አይደሉም። መውረስን ያበጁት ለእንዲህ ያለው ነው። የእኛን ታማሚ እነሱ ከየት ያውቁታል?»

ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሁሉን በእጄ ካልሠራሁ የሚለው አመላቸው ነው። እጅ ይደክማል፤ መዘዙ የሚወድቀው በሌላ ሰው ላይ ነው።

«አንድም ፕሮግራም አልቀረዎትም?» አለች ልጅቷ።

«አንድም።»

ልጅቷ የሕፃናት ክፍሉን ፕሮግራም ከፈተችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት። ማረጋገጫው የለም።

«ዘልዬዋለሁ» አሉ ድምፃቸው ወርዶ። «የሕፃናቱን።»

«ማንም ይዘላል ጋሼ። አንድ ቦታ ይሁን የምልዎት ለዚህ ነው።»

«በአዲሱ መያዣ መክፈቱንስ ብዘል?»

«በድሮው የሚከፍት ካለ ኮምፒውተሩ ራሱ ፈልጎ ያወጣልናል።»

«በይ የሕፃናቱን አስቀድሚ።»

አዲሱን ክላስ ጻፈች። የሕፃናቱን ፕሮግራም በእሱ አስከፍታ ለሙከራ የሞላ ዲስክ ሰጠችው፤ ፕሮግራሙ ቆመና «አልተጻፈም» የሚል ቀይ መልእክት አወጣ። ጥቅሙን ለማስረዳት ብዙ መናገር አያሻም። ከእንግዲህ በዚህ መያዣ የሚጽፍ ፕሮግራም ሁሉ ጥንቃቄውን ይወርሳል፤ ስሕተት ቢገኝም አንድ ቦታ ይታረማል፤ ሐኪሙም ቀዩን መልእክት አይቶ ውጤቱ እንዳልደረሰው ያውቃል።

ሽማግሌው ግን ፊታቸው አልተፈታም። «ይሄ ቀድሞ ቢኖር ሰውዬው ይተርፍ ነበር?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ሐኪሙ ይደርስለት ነበር ጋሼ።»

እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እንግዲያው ለሚስቱ የምነግራት እኔ ነኝ» አሉና ወጡ። ሴትየዋ ተነስታ ልትቀበላቸው ስትል እጇን ይዘው አስቀመጧት፤ እሳቸውም አጠገቧ ተቀመጡ።