ሳሎኔ ውስጥ የገባው ባሕር

አሶሳ ላይ፣ ሳሎኔ ውስጥ ባሕር አስገባሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አልጋ የሚያክል የመስታወት ገንዳ አሠርቼ፣ የተጣራ ውሃ በባሕር ጨው በጥብጬ፣ ፓምፕ ገጥሜ፣ የባሕር ዓሣዎችና ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሳይ ፍጥረት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አስመጣሁ። ገና ከላስቲካቸው አውጥቼ እንደከተትኳቸው መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ! ፓምፑም ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር፤ እኔም ራሴን ይዤ ጮኽኩ።

ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤቴ ሐጃ ዘሃራ ከተፍ አሉ። ከዳቡስ ወንዝ የተያዘ ዓሣ በባልዲ፣ ከነሕይወቱ ሲሸጡ የኖሩ የበርታ እናት ናቸው። "አየር አጣ እኮ! ጣሳ አምጣ! ውሃ ቅዳ፣ ከላይ አፍስስ!" እጅጌያቸውን ሰብስበው እየቀዱ፣ ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆረቁሩት ጀመር። እኔም ክንዴ እስኪዝል ተከተልኳቸው። መብራት ሲመጣ አንድም ዓሣ አልሞተም! በደስታ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ እሳቸው መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል። ተኮማትሮ የነበረው ኮራል ቀጫጭን ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ ነው።

"ሱብሐነላህ!" አሉ እያጨበጨቡ። "እኔ ድንጋይ ነው ስል፣ ይሄ ነፍስ አለው!"