ባለ መስመሩ ዓሣ የመጣ ጊዜ

ውሃው አላቃጠለሽም? … እሺ፣ ትንሽ ላብርደው። አንገትሽን ወደ ኋላ ጣል አድርጊው፣ ፎጣው ይደግፍሻል። አንቺ ብቻ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ እንጂ ጸጉርስ ተመልሶ ይመጣል። ከወሊድ በኋላ ጸጉሯ የማይረግፍ ማን አለች? ሕፃኑስ፣ ሌሊት ይተኛል? … አይተኛም። ይሁን፣ የማይተኛ ልጅ ንቁ ይሆናል ይሉሻል፤ እንቅልፍ ያጣችውን እናት ማን ጠይቋት።

እጄ ከበደሽ አይደል? አውቃለሁ። አንቺ የለመድሽው የዚያችን እጀ ለስላሳ የምንላትን ልጅ እጅ ነው። ገና በር ላይ ሆነሽ ዓይንሽ ሲፈልጋት አይቻለሁ። የለችም። … ኧረ አልታመመችም፣ ደህና ናት። ነገሩ የዓሣ ነገር ነው። ቀና አትበይ፣ ሻምፑው ዓይንሽ ውስጥ ይገባል። ተጋድመሽ ስሚኝ። ድምፄም ከፍ ቢል አትቀየሚኝ፣ የጸጉር ማድረቂያው ስለሚጮህ ነው። እዚያ ገንዘብ መቀበያው ጋ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ቢሰማኝ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ደግሞ ሰው ላማ አይደለም። ላመሰግን ነው።

እትዬ ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯን የተሰበረች ጊዜ አንቺ ነፍሰ ጡር ነበርሽ፣ መምጣት ትተሽ ነበር። ሳሎኑን ማን ይያዝላት? አንድ የቅርብ ዘመድ ደረሱላት። ሌላው ዘመድ ሁሉ አበባ ይዞ እሷን ሲጠይቅ፣ እኚህ ሰው ቁልፉን ጠየቁ። … ጤንነቷን አልጠየቁም አላልኩም። ከቁልፉ በኋላ ጠይቀዋል።

እዚህ በመጡበት ቀን ሰበሰቡንና «ደንበኛ ፊት አንቱ በሉኝ» አሉን። እትዬን እንኳ ይኸው ስንት ዓመት አንቺ እያልን ነው የኖርነው። በዕድሜም እኔ የምበልጣቸው ይመስለኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ፊታቸው ላይ የሚቀቡት ነገር በጣም ጥሩ ነው፣ ዕድሜ አያሳይም። ሌላም ነገር አያሳይም። እናም አንቱ አልን። ክብሩን ሌላ ሰው እስኪሰጣቸው ቢጠብቁ ብዙ ይቆዩ ነበር፤ ጊዜ አያባክኑም።

ዓሦቹ ትዝ ይሉሻል መቼም። ጸጉርሽን ልታደርቂ ካስክ ውስጥ ስትቀመጪ ፊት ለፊትሽ ያለው ትልቁ የመስታወት ገንዳ። የእትዬ ባል ነበር የሚያረባቸው፤ እሱ ሲሞት «ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አላያቸውም» ብላ እዚህ አመጣቻቸው። ከሁሉም የምትወደው ያንን ጅራቱን እንደ ቬሎ የሚጎትተውን ነጩን ነው። ባሏ በእጁ ያጎርሰው ነበር አሉ። ታዲያ የሚንከባከባቸው ማን ነበር? እጀ ለስላሳ። የቧንቧውን ውሃ በባልዲ አሳድራ ነበር የምትቀይርላቸው፣ የክሎሪኑ ሽታ ይውጣ ብላ። ጠዋት ስትገባ ከኛ በፊት ሰላም የምትለው እነሱን ነው።

እኚያ ዘመድ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ስጦታ ይዘው መጡ። አንድ ዓሣ። ባለ ጥቁር መስመር፣ ቀልጣፋ፣ ቆንጆ። ወዲያ ወዲህ ሲል ሥራ ያለው ይመስላል። «ይሄ ቤት ሕይወት አጥቶ ነበር» አሉና ራሳቸው ከላስቲኩ ወደ ውሃው ለቀቁት። ለብቻው ነው የመጣው። ለምን ጓደኛ እንደሌለው ማናችንም አልጠየቅንም። … አሁን ስለ ዓሣው ነው የማወራው።

ብዙም ሳይቆይ የነጩ ጅራት መቀደድ ጀመረ። በመጀመሪያ ጫፉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ነበር። ከዚያ ከጎን ተቦጨቀ። ከዚያ የጀርባው ክንፍ አጠረ። ቀስ እያለ ማሞቂያው ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። የሌሎቹም ተራ ደረሰ። እጀ ለስላሳ ሥራ ስትጨርስ ገንዳው ሥር በርከክ ብላ ትመለከታቸው ነበር። «የሆነ ነገር አለ፣ ውሃው አይደለም» ትለኝ ነበር።

የኛ ዘመድ ግን ወዲያው አወቁት። ስልክ እያወሩ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩና «መበስበስ ነው፣ ውሃው ቆሽሿል» አሉ። አንዳንድ ሰው ይህን ለማወቅ ቀርቦ ማየት ያስፈልገዋል። ሰማያዊ መድኃኒት አስመጡ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን አይተው «ይሄማ ለሰነፍ ነው» ብለው እጥፍ አድርገው ጨመሩ። በማግስቱ ደገሙት። ውሃው ቀለም መሰለ። ደንበኛው ካስክ ውስጥ ተቀምጦ ዓሣ አይቶ ልቡ ዕረፍት እንዲያገኝ ነበር፤ የሚያየው ሰማያዊ ነገር ብቻ ሆነ። ታች አሸዋ ላይ የሚኖሩት ትናንሾቹ ባለ ነጠብጣብ ዓሦች ሞቱ። መድኃኒቱ በሽታውን ፈልጎ አጣው መሰለኝ፣ ያገኘው ዓሦቹን ነው።

ያ የገንዘብ መሳቢያ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንኳኳው? … ነፋስ ይሆናል። ኮንዲሽነር ላድርግልሽ፣ ጫፉ ደርቋል።

ታዲያ ዓሣ ሲሞት ጥፋተኛ መገኘት አለበት አይደል? ወንበሩ ሁሉ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ እጀ ለስላሳን ጠሯት። አልጮሁም። ጩኸት የማይወዱ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። «የሻምፑ እጅሽን ውሃው ውስጥ እየከተትሽ ነው የመረዝሻቸው» አሏት። «ክፉ አስበሽ ነው አልልም፤ ግን ካሁን በኋላ አትድከሚ፣ እጅሽ ይረፍ።» ይህን ሁሉ ፈገግ ብለው ነው። ብትሰሚያቸው ኖሮ የሚያመሰግኗት እንጂ የሚያሰናብቷት አይመስልሽም ነበር።

እሷ ምን አለች መሰለሽ? የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ባል የላት። ሽርጧን አውልቃ አጣጠፈችና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ወደኔ ዞራ «ነጩን ዓሣ አደራ፣ መብላት ትቷል» አለችኝ። ወጣች። እኔ ማበጠሪያ ይዤ ቆሜያለሁ። የደንበኛዬን ጸጉር የቱ ጋ እንዳደረስኩት ጠፋኝ።

እና አሁን የመረዘችው ሴትዮ ሄዳለች። የሻምፑ እጅ የለም። ዓሦቹ መዳን አለባቸው፣ አይደለም? … አልዳኑም። የነጩ ጅራት ግማሽ ሆነ።

እኔ ሞኝ ነኝ፣ እንደ እሳቸው ከወንበሬ ሆኜ አይገለጥልኝም። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ ዓሣ ሻጩ ሄድኩ። ፎቶውን አጉልቶ አየው። «ጫፉ ነጣ ብሎ ወይ ደም መስሎ ቀስ እያለ እየሟሟ ቢመጣ መበስበስ ነው» አለኝ። «ይሄ ግን ቦጭቀውታል። የጥርስ ሥራ ነው። አብሮት ማን አለ?»

«ሁሉም አብረው የኖሩ ናቸው» አልኩት። «አንድ አዲስ ገባ እንጂ፣ ባለ መስመር።»

«ለብቻው?»

«ለብቻው።»

ሳቀ። «እሱ ዘር በመንጋ ነው የሚኖረው። ከመንጋው ተለይቶ ጠባብ ቦታ ከገባ የሌላውን ክንፍ ሲቦጭቅ ይውላል። በተለይ ረጅም ክንፍ ያለውን አያስቀምጠውም። ክፋት አይደለም፣ ጠባዩ ነው።»

ጠባዩ ነው ሲለኝ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። … ማንም አይደለም።

መድኃኒቱስ ስለው፣ «ቁስሉ ካልነጣ ምንም አትጨምሩ። ነካሹን አውጡት፣ ውሃውን ትንሽ ትንሹን ቀይሩ፣ በአንዴ አትገልብጡት። የሚደበቁበት ቅጠል አድርጉላቸው። ንጹሕ ውሃና ሰላም ካገኘ ክንፉ ራሱ ይበቅላል» አለኝ። ተመልሼ ባለ መስመሩን በመረብ አወጣሁና ለብቻው በጎድጓዳ የብርጭቆ ሳህን ውስጥ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። የኛ ዘመድ ምሳ በልተው ሲመለሱ አዩት። ደነገጡ። «ስጦታዬን አሰራችሁት?» ብለው በገዛ እጃቸው መልሰው ከተቱት። እንስሳ ይወዳሉ። የሰው ነገር ነው ትንሽ የሚከብዳቸው።

ከዚያ በኋላ ለእትዬ ደወልኩ። ሌላ ምንም አላልኳት፣ «ጠዋት ሳንከፍት መጥተሽ ዓሦችሽን እያቸው» ብቻ ነው ያልኳት። በክራንች ተደግፋ መጣች። ካስኩ ሥር አስቀመጥኳትና መብራቱን አበራሁት። ባለ መስመሩ ከድንጋዩ ጀርባ ወጣ። ቀስ ብሎ ነጩን ከኋላ ተጠጋው፣ ቦጨቅ አደረገው፣ ምንም እንዳላደረገ ዞር ብሎ ሄደ። ነጩ ጥግ ገባ። ደገመው። እትዬ ክራንቿን እንደያዘች ፍዝዝ ብላ ታያለች። ባሏ ያጎርሰው የነበረውን ዓሣ ነው እኮ የምታየው።

ይህን ስናይ የኛ ዘመድ ገቡ። ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። «እኔማ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬው ነበር» አሉ።

እትዬ ቀና ብላ አየቻቸው። «ታዲያ ሴትዮዋን ለምን አባረርሻት?»

«እሷማ በሌላ ምክንያት ነው» አሉ።

ሌላው ምክንያት እስከ ዛሬ እየተፈለገ ነው።

ውሃ ላፍስስብሽ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። … ዓሦቹ ዳኑ። የነጩ ክንፍ ሲበቅል መጀመሪያ እንደ ስስ ላስቲክ ነበር፣ ወዲያ ማዶ ያሳይሻል። ቆይቶ ነው ቀለም የያዘው። በአንድ በኩል አጠር ብሎ ቀርቷል፣ ሲዋኝ ጋደል ይላል እንጂ ይበላል። ባለ መስመሩንም ሻጩ ወስዶ ከመንጋው ቀላቅሎታል። አሁን ማንንም አይነካም አለኝ። አየሽ፣ ዓሣ እንኳ አቻዎቹ መሃል ሲገባ ይታረማል።

እትዬ በዚያ እግሯ የእጀ ለስላሳን ቤት ደረጃ ወጣች። እኔ ነኝ ደግፌ ያወጣኋት። በሩን ከፍታ ስታየን መጀመሪያ ያለችው «ዓሦቹ ዳኑ?» ነው። «ዳኑ» አለቻት እትዬ። «ተመስገን» አለች። ወንበር አቀረበች፣ ሻይ ቀዳች። እትዬ «ይቅር በይኝ፣ ተመለሽልኝ» ስትላት ሻዩን ወደሷ አስጠጋችላት።

«እትዬ፣ ላንቺማ ቅር አላለኝም» አለቻት። «ግን የዚያን ቀን የተባልኩትን ጎረቤት ሰምቶ ኖሮ፣ ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ‹እማዬ፣ እውነት ዓሣ ገድለሻል?› አለችኝ። እዚያ ቤት ገብቼ እጄን ውሃ ባስነካሁ ቁጥር እሱ ነው የሚሰማኝ።»

እትዬ ስንወርድ ደረጃው ላይ አለቀሰች። እግሯን አሟት ነው ብለናል።

አሁን ሌላ ቦታ ትሠራለች። የት ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እኔ የዚህ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ደንበኛ ወደ ሌላ አልልክም። ከፋርማሲው አጠገብ ያለው አረንጓዴ በር፣ ሁለተኛ ፎቅ መሆኑን ከእኔ አልሰማሽም።

የኛ ዘመድስ? አሉ። የእትዬ ወንድም ለምኖ፣ ለቤተሰብ ሰላም ሲባል እግሯ እስኪድን ይቆዩ ተባለ። ዛሬ ጠዋት ለአንዲት አዲስ ደንበኛ «እነዚህን ዓሦች ከሞት ያተረፍኳቸው እኔ ነኝ» ሲሏት ሰማሁ። አልዋሹም። በሕይወት ያሉት ሁሉ ከሳቸው የተረፉ ናቸው። እትዬ አሁን ያለ ክራንች ስለምትሄድ በቅርቡ ወጥተው የራሳቸውን ሳሎን ሊከፍቱ ነው። እኛ እንግዲህ እንዴት እንደምንሆን አላውቅም… ለምደናቸው።

በይ ቀና በይ፣ ጨርሰናል። ፎጣውን ያዥው። እኔ በበኩሌ ቂም አላውቅም፤ ስለ እሳቸው ሳስብ አፌ ላይ የሚመጣው ምርቃት ብቻ ነው። የከፈቱት ይሙላላቸው። ዕድሜያቸውን እንደ ሰማይ ኮከብ ያብዛው። ሸምግለው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ደግሞ ውሃ የምታቀብላቸው፣ ደግፋ የምታነሳቸው፣ ልቧም እጇም ቁርጥ እሳቸውን የሆነች ሰው ከራስጌያቸው አትለይ። … አሜን በይ እንጂ።