ለቆንስሉ የሚቀርበው ዓሣ

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤታችን ስገባ የኬሚስትሪ መምህርቷን ሄልቪ ፓካሪነንን በር ላይ አገኘኋት። የሞተ ዓሣ የሞላበት ባልዲ ይዛለች። እኔ የጋዜጣው ፊደል ለቃሚ ነኝ፤ ሥልጣን የለኝም፤ ግን ወደ ዋና አዘጋጁ ወደ ታቬቲ ኩኦስማነን ይዣት ገባሁ።

«ጋሼ ታቬቲ፣ ወንዙ ተመርዟል፤ መርምሬዋለሁ። ሦስት ተማሪዎቼ ዓሣውን በልተው ሐኪም ቤት ተኝተዋል። ስለዚሁ የላክሁልዎን ጽሑፍ ለምን አላወጡልኝም?»

ሽማግሌው በሩን ዘጉ። «የኔ ልጅ፣ ወንዙ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከምሥራቅ፣ ከሶቪዬት ድንበር ማዶ።»

«በቃ! እኛ ፊንላንዶች ትንሽ ነን። ትልቁ ጎረቤት ከተቀየመ ማን ይመልሰዋል? በጦርነቱ ሁለት ወንድሞቼን ቀብሬያለሁ።»

«ይቅርታ ጋሼ። ግን እንዳይጽፉ ያዘዘዎ ማነው? ሞስኮ?»

«ኧረ የለም።»

«ሄልሲንኪ ያለው መንግሥታችን?»

«እነሱማ... ከእኔ በፊት የነበሩት አዘጋጅ ናቸው የነገሩኝ።»

«ለእሳቸውስ ማን ነገራቸው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። እኔም ግራ ገባኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንቱን ዜና ከገጽ ላይ ሳነሣ፣ አንድም ቀን ማን አዘዘ ብዬ አልጠየቅሁም። አፈርኩ።

«ቅዳሜ እርስዎ በሚያዘጋጁት የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ማኅበር ግብዣ ለሶቪዬቱ ቆንስል ምን ሊያቀርቡ ነው?» አለች ሄልቪ።

«ዓሣ ነዋ! የወንዛችንን...» አሉና አቋረጡ።

«እንግዳዎ እንዳይቀየሙ ብለው ሊመርዟቸው ነው?»

ሽማግሌው ስልኩን አነሡ። ሳይወቅሱ፣ ሳይለማመጡም፣ ምርመራውንና የልጆቹን መታመም ለቆንስሉ ነገሯቸው። የሽማግሌው ጆሮ ስለሚደክም የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ነው፤ የሚባለው ሁሉ ለእኛም ይሰማል። ቆንስሉ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦

«አቶ ኩኦስማነን፣ ይህን አልነገሩኝም። እኔም አልሰማሁም።»

«እሺ፣ ክቡር ቆንስል።»

«ጋዜጣው መቼ ይወጣል?»

«ሐሙስ።»

«ጥሩ። ቅዳሜ ሥጋ ይሁንልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። «አሁን ይሄ ፈቃድ ነው ክልከላ?» አሉ ሽማግሌው።

«ፈቃድ መቼ ጠየቁና? ነገሯቸው እንጂ» አለች ሄልቪ።

አሰቡ፣ አሰቡና ወደ እኔ ዞሩ። «በል፣ ጽሑፏን መጀመሪያ ገጽ ላይ አግባው።»

ሐሙስ ጋዜጣው ወጣ። እናቶች ያንን ዓሣ መግዛት አቆሙ፤ ከምሥራቅም የቁጣ ደብዳቤ አልመጣም። ወንዙ በእርግጥ ገና አልጠራም። ቢሆንም ትንሽ አገር እውነቱን በትሕትና ስትናገር ልጆቿንም ጉርብትናዋንም እንደምታተርፍ ያን ሳምንት ተማርኩ፤ ዝምታችን ክብር ሳይሆን ልማድ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ቆንስሉ ሥጋቸውን በልተው ስለ ወዳጅነት ረጅም ንግግር አደረጉ። ስለ ወንዙ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሲወጡ ግን እንደ እኔ ከተጋበዙት መካከል የነበረችው ሄልቪ አጠገብ ቆም ብለው ጓንታቸውን እያጠለቁ በዝግታ ጠየቋት፦

«ልጆቹ ተሻላቸው?»